ከማሽላው የጎደለው ላይሲን

ጾም በገባ ቁጥር የምሰማው ጥያቄ አለ። «ፕሮቲኑን ከየት ታመጡታላችሁ?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ጂም የጀመሩ ወዳጆቼ ናቸው። አንዳንዶቹ የፕሮቲን ዱቄት ይጠጣሉ፤ በቀን ስንት ግራም እንዳገኙም በስልካቸው ይመዘግባሉ። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ግን ግራም መቁጠሩ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የበላነው ፕሮቲን እንዳለ ወደ ደማችን አይገባም። የበሬው ፕሮቲን የበሬ ነው፤ የምስሩም የምስር። ጨጓራ ውስጥ ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ትንሹ አንጀት ላይ ደግሞ ከቆሽት የሚመጡት ትሪፕሲንና መሰሎቹ ይቀበሉትና ሥራውን ይጨርሳሉ። የሚተርፈው ፕሮቲን የሚሠራበት ትንሹ ክፍል፣ አሚኖ አሲድ ነው፤ አንጀት የሚመጠውም እሱን ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱን፣ ላይሲንን እንውሰድ። አንዴ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ከጥብስ የመጣ ላይሲንና ከምስር ወጥ የመጣ ላይሲን ልዩነት የላቸውም። አንድ ዓይነት ሞለኪውል ናቸው።

ፕሮቲን በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ዓይነታቸው 20 ነው። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በዲኤንኤ ላይ በተጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ሴሉ እንዳሻው አይሰካም። ሰማያዊው ሲያልቅ በቢጫ ተክቶ መቀጠል አይቻልም። አንድ ዶቃ መቀየር ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን መመልከት ይበቃል። ከሄሞግሎቢን ሰንሰለቶች አንደኛው ቤታ ይባላል፤ 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስድስተኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ከገባበት ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ይመጣል። ከ146 አንዱ ብቻ ነው የተለወጠው።

ከ20ዎቹ ውስጥ 11ዱን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ይችላል። 9ኙን አይችልም፤ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ላይሲን ከነዚህ አንዱ ነው። ሜታዮኒንና ትሪፕቶፋንም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ስብ ሲተርፍ ይከማቻል። ግሉኮስም በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይቀመጣል። ለአሚኖ አሲድ ግን እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ የለንም። የተረፈው ናይትሮጅኑ ተነጥሎ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል፤ ቀሪው ለጉልበት ይቃጠላል። ስለዚህ ከበላችሁት ውስጥ ላይሲኑ ለግማሽ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሌሎቹ 19ኙ ሞልተው ቢፈሱም የሚሠራው ግማሹ ነው። ትርፉ ይቃጠላል። ልኩን የሚወስነው ከሁሉም ያነሰው ነው። ወዳጆቼ በስልካቸው የሚመዘግቡት ግራም ይህን አያሳይም።

ሌሎቹ የሕይወት ግዙፍ ሞለኪውሎች በዚህ ረገድ ቀለል ይላሉ። ዲኤንኤ የሚሠራው ከ4 ዓይነት ኑክሊዮታይድ ነው፤ እነሱን ሰውነታችን ራሱ ያዘጋጃል። ስታርች ከግሉኮስ ብቻ ነው። የማሽላው አገዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ሴሉሎስም ከዚያው ከግሉኮስ ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አቅጣጫ ነው። የስታርቹን ማያያዣ የእኛ ኢንዛይም ይፈታዋል፤ የሴሉሎሱን አይችልም። በሬም ራሱ አይችልም፤ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈቱለት። ከአንድ ማሳ ፍሬው ለሰው፣ አገዳው ለከብት የሆነው በዚህች የማያያዣ ልዩነት ነው። ይህን መጀመሪያ ስረዳ በጣም ነበር የተደነቅኩት፤ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል።

ወደ ላይሲን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶማስ ኦስቦርን እና ላፋየት ሜንዴል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ለአይጦቹ የሰጧቸው ፕሮቲን ዜይን ብቻ ነበር። ዜይን የበቆሎ ዋና ፕሮቲን ነው። አይጦቹ እየበሉ ከሱ። ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው መክሳቱ ቆመ፤ ግን አላደጉም። ላይሲን ሲጨመር ማደግ ጀመሩ። ሆዳቸው ባዶ አልነበረም፤ ፕሮቲንም ነበራቸው። የጎደሏቸው ሁለት አሚኖ አሲዶች ነበሩ።

ኋላ ላይ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሮዝ ሥራውን ወደ ሰው አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1935 ትሪዮኒንን አገኘ፤ ከ20ዎቹ የመጨረሻው የተገኘው እሱ ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ ፈቃደኛ ተማሪዎቹን ስታርች፣ ስኳር፣ ቅባትና ንጹሕ አሚኖ አሲዶች እያበላ አንዱን አሚኖ አሲድ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ለሰው የግድ የሚያስፈልጉትን የምናውቀው ከእንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እህሎች ላይሲን የሚያንሳቸው ለምንድን ነው? ዘሩን ከእኛ ሆድ አንጻር ስናየው ጉድለት ይመስላል። ከዘሩ አንጻር ግን ምንም የጎደለ ነገር የለም። ተክል 20ዎቹንም አሚኖ አሲዶች ራሱ መሥራት ይችላል። ስለዚህ ፍሬው ውስጥ ለሚበቅለው ችግኝ የሚቀመጥለት ናይትሮጅን በምንም መልክ ቢሆን ይበቃዋል። በቆሎ ዜይንን፣ ማሽላ ካፊሪንን ያከማቻሉ። ሁለቱም ላይሲን የላቸውም ማለት ይቻላል። ፍሬው የተዘጋጀው ለራሱ ልጅ ነው፤ እኛ ከመንገድ ላይ የገባን ነን።

አሁን ወደ ወሎ እንሂድ። እናቴ የወሎ ልጅ ናት፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ በተለየ ሁኔታ የመታው ለዚህ ይሆናል።

በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦፔክ-2 የሚባል ላይሲኑ ከፍ ያለ የበቆሎ ዓይነት መገኘቱ ታውቆ ነበር። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራሜሽዋር ሲንግ እና ጆን አክስቴል ማሽላ ውስጥስ እንዲህ ያለ አይኖርም ወይ ብለው ተነሡ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳተሙ። ሁለት ዘሮች ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ከወሎ። በተራ ማሽላ 100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ነው። በእነዚህ ግን ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ጠቅላላ ፕሮቲናቸውም ከተራው ይበልጥ ነበር። የበሏቸው አይጦችም በግልጽ የተሻለ አደጉ።

ገበሬው ግን እነዚህን ማሽላዎች ያውቃቸው ነበር። አንደኛውን ወተት በጉንጬ ይለዋል። የሌላው ስም ማርን የሚያነሳ ነው። ገበሬው ማሳውን ሙሉ በእነሱ አይሸፍንም፤ ከሌላው ማሽላ መሐል ትንሽ ትንሽ ጣል ያደርጋቸዋል። ፍሬው ሳይደርቅ፣ ገና እሸት ሳለ እየተጠበሰ ይበላል። ላይሲን የሚባል ነገር በስም ሳይታወቅ ዘሩ ከአባት ወደ ልጅ ተሻግሮ የቆየው ጣዕሙን በወደዱ ሰዎች እጅ ነው። በሰንጠረዥ የተጻፈውን የላቦራቶሪ ቁጥር የማምነውን ያህል ይህን የገበሬ ምርጫ አከብራለሁ። ያ ዘር ማሳ ላይ ባይቆይ ኖሮ የሚመረመርም ነገር አይኖርም ነበር።

በዚያው በ1973 አክስቴል በኢትዮጵያ የማሽላ ዘር ሲሰበስብ አንድ ወጣት አብሮት እንዲሠራ ጋበዘ። ወጣቱ ከወሎንኮሚ የመጣና በዓለማያ ኮሌጅ የተማረ ነበር። ስሙ ገቢሳ ኤጀታ ይባላል። አክስቴል ሥራውን አይቶ ወደ ፐርዱ እንዲመጣ አደረገው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የላይሲን ፍለጋው በቀጥታ ያሰበውን ባያገኝም ይህን ሰው ወደ ማሽላ አምጥቶልናል።

«ያሰበውን ባያገኝም» ያልኩት በምክንያት ነው። ላይሲኑ የበዛው ማሽላ አገሩን አላጥለቀለቀም። ምክንያቱ ያው ላይሲኑን ያመጣው ለውጥ ነው። እንዲህ ባለው ዘር ካፊሪን ይቀንሳል። ካፊሪን ሲቀንስ ላይሲን ያላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ድርሻቸው ከፍ ይላል። ካፊሪን ግን ፍሬውን ጠጣር የሚያደርገውም ነው። ሲቀንስ ፍሬው ለስላሳና ዱቄታም ይሆናል፤ ይጨማደዳል፤ ክብደቱ ይወርዳል። ነቀዝ ይቀልለዋል። ገበሬው ለእሸት ብቻ ጥቂት ዘርቶ ለጎተራ ሌላውን መምረጡ ልክ ነበር።

በቆሎም ላይ ይኸው ችግር ገጥሟል። ኦፔክ-2 ሲገኝ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ ዝቅተኛ ሆነ። ሜክሲኮ በሚገኘው በዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ እና ሱሪንደር ቫሳል ላይሲኑን ሳያጡ ፍሬውን ለማጠንከር ለረጅም ዓመታት ሠሩ። እሷ የፕሮቲን ኬሚስት፣ እሱ ዘር አዳቃይ ነበሩ። ተሳካላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን አብረው ወሰዱ። ከዚያ ሥራ የመነጩ ዝርያዎች በእኛም አገር በባኮና በመልካሳ የምርምር ማዕከላት በኩል ወጥተዋል።

እስከዚያው ግን ሰው ምን በልቶ ኖረ? እህልን ከጥራጥሬ ጋር።

ቁጥሩን አስቀምጬ ላሳያችሁ። አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊግራም ገደማ ላይሲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊግራም ማለት ነው። 100 ግራም የማሽላ ዱቄት ወደ 200 ሚሊግራም ይሰጣል። በማሽላ ብቻ ልንኖር ካልን 900 ግራም ዱቄት በቀን መብላት ሊኖርብን ነው። ጤፍ የተሻለ ነው፤ 100 ግራሙ ወደ 380 ሚሊግራም አለው። 100 ግራም ሽምብራ ግን 1,300 ሚሊግራም አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ በቀን ውስጥ ጥቂት ሽሮ ከእንጀራው ጋር ሲገናኝ ስሌቱ ወዲያው ይለወጣል።

ውለታው የአንድ ወገን አይደለም። ጥራጥሬ በበኩሉ ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ ሜታዮኒንና ሲስቲን። ጤፍ ደግሞ በሜታዮኒን ጥሩ ነው። ሽምብራው የእንጀራውን ጉድለት ሲሞላ እንጀራውም የሽምብራውን ይሞላል። ለጾሙ ጥያቄ መልሴ ይኼው ነው። በያይነቱ ላይ ያለው ምስር፣ ሽሮና ክክ ከእንጀራው ጋር ሆኖ 9ኙንም ያመጣል። በአንድ ጉርሻ ውስጥ ካልተገናኙ ማለትም አያስፈልግም፤ በቀኑ ውስጥ ቢገናኙ ለጤነኛ አዋቂ ይበቃል።

ለሕፃናት ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሆዳቸው ትንሽ ነው፤ ፍላጎታቸው ከክብደታቸው አንጻር ትልቅ ነው። ከእህል ብቻ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ሆዳቸውን ሞልቶ የሚያስፈልጋቸውን ሳያደርስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ፋፋ የተሠራው ይህን ለመመለስ ነበር፤ የስንዴ ዱቄት ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር። ዛሬም ቤት ውስጥ ምጥን ስታዘጋጁ ሽምብራውን ወይም አኩሪ አተሩን ለመቀነስ አትቸኩሉ። እህሉን መጨመር ይረክሳል፤ ላይሲኑ ያለው ግን ጥራጥሬው ውስጥ ነው።

ስለ ማመስም አንድ ነገር ልበል። ገብስ ሲታመስ የሚወጣው ያ ደስ የሚል ሽታ ከፊሉ የሚመጣው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲያያዙ ነው። ሉዊ-ካሚይ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ገልጾታል። ላይሲን ከሌሎቹ በላይ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ በጎኑ ተጨማሪ አሚኖ ጫፍ ስላለው ስኳሩ እዚያ ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀውን ሰውነታችን መልሶ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ለሕፃን የሚሆነውን እህል ጠቆር እስኪል ማመስ ያለውን ጥቂት ላይሲን ማባከን ነው። ቀለል አድርጎ ማመስ በቂ ነው።

በማሽላ ላይ ሌላም ነገር አለ። የማሽላ ገንፎ ፕሮቲን በደንብ አይፈጭም። ውኃ ውስጥ ሲበስል ካፊሪኖቹ በሰልፈር ማያያዣ እርስ በርስ ይቆላለፉና ኢንዛይሙ አይደርስባቸውም። ማቡካት ግን ይህን ያሻሽለዋል። ከማሽላ እንጀራ መጋገር ከገንፎው ሌላም ጥቅም ያለው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ከ20ዎቹ ስለሚጎድሉት ነው። ከ20ዎቹ ውጭ ያለ አሚኖ አሲድ ሲመጣስ? እዚህ ላይ ጓያ ይመጣል፤ ወሎም እንደገና።

ጓያ ብርቱ ተክል ነው። ዋልካ መሬት ላይ ሌላው ሲበሰብስ እሱ ይበቅላል፤ ዝናብ ሲጠፋም ይቆማል። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ላይሲንም አለው። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራል። ይህ ለፕሮቲን መሥሪያ አይውልም። መልኩ ነርቮቻችን መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት ይመስላል። ብዙ ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያዝዙት ነርቮች ይጎዳሉ። ሰውዬው በእግሩ እንደ ልቡ መሄድ ያቅተዋል። መዳኛ የለውም። ወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል።

እናቴ ጓያ ሲቀቀል ከምድጃው አካባቢ ታባርረን ነበር። «እንፋሎቱ እንዳይመታችሁ!» ትለን ነበር። ብዙ ሰው በሽታው በእንፋሎቱ ወይም በገለባው ይመጣል ብሎ ያምናል። በሽታው የሚመጣው ከመብላቱ ነው። የእናቴ ፍርሃት ግን ባዶ አልነበረም፤ የታመሙ ሰዎችን አይታ ነው ያደገችው።

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በወሎ ደላንታ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ድርቅ ሌላውን ሰብል መትቶት ነበር። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ሁኔታውን አጥንተው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በወጡት የኃይለየሱስ ሥራዎች ላይ ያገኘሁት ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። ጓያውን ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ከሚገኙበት እህል ጋር ቀላቅለው የሚበሉ ሰዎች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ዝቅ ያለ ነበር። ጓያውን ብቻውን ቆሎ ወይም ንፍሮ አድርገው የሚበሉት ግን ይበልጥ ይጠቁ ነበር። ሜታዮኒንና ሲስቲን ሰውነታችን ነርቮችን ከጉዳት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን ለመሥራት ያስፈልጋሉ። ጓያ ደግሞ እነሱ የሚያንሱት ጥራጥሬ ነው። እንጀራና ሽሮን የሚያስታርቀው ያው ሜታዮኒን እዚህ ላይ በእግር መሄድና አለመሄድ ሆነ።

መቀላቀል ጓያን ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ነጻ አያደርገውም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ኦዳፑን ይቀንሳል፤ እሱም አያጠፋውም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ተክሉ ውኃ ሲጠማው የሚሠራው ኦዳፕ ከፍ ይላል። ሰው ጓያን አብዝቶ የሚበላው ድርቅ ሲመጣ ነው፤ ፍሬው ይበልጥ መርዛማ የሚሆነውም ያኔ ነው። እህሉ የሚጠፋውም ያኔ ስለሆነ የሚቀላቀለው አይገኝም።

ኦዳፑ ዝቅ ያለ ጓያ ለማውጣት ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል፤ በአገራችንም ዋሴ የሚባል ዝርያ ወጥቷል። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያሉት ዝርያዎች ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ደላንታን በመሰለ ማሳ ላይ እየተለኩ ውጤቱ ለገበሬው በቀጥታ እንዲነገር ነው። በጥሩ ዝናብና በምርምር ጣቢያ የተለካው ቁጥር ለደህናው ዘመን ነው የሚያገለግለው። የእርዳታ እህል ሲላክም ከሌላው ቀድሞ መድረስ ያለበት፣ ሰው ጓያን ብቻውን መብላት በጀመረበት ወረዳ ነው። እዚያ ከእያንዳንዱ ኩንታል ስንዴ ጋር የሚገባው ሜታዮኒን የሰው እግር ያተርፋል።